ቀዮቹ የትኞቹ ነበሩ?

«አቦ፣ ይሄ አቶም ሳይሆን ጀንፈል ነው!» አለ ሱፊያን፣ የካርቶኑን ክዳን ገልጦ።

ዩምና ከቤት ተንደርድራ ወደ በረንዳው ወጣች። ነገ ክፍል ውስጥ የሚያቀርቡት የሊትየም አቶም ነበር፤ ከጓደኛዋ ከነጅላ ጋር የሠራችው። ያኔ እንዴት ያምር ነበር! መሀሉ ላይ ሦስት ቀይ እሸት ቡና ለፕሮቶን፣ አራት ያልበሰለ አረንጓዴ ፍሬ ለኒውትሮን፣ በማስቲሽ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ራቅ ብሎ በሽቦ ቀለበቶች ላይ ሦስት ሰሊጥ። እነሱ ኤሌክትሮኖቹ ናቸው። «ከዚህም በጣም ማነስ ነበረባቸው፤ ግን ከየት አባታችን እናመጣለን?» ብላ ነጅላ የሳቀችው ትዝ አላት።

አሁን ሰባቱም ፍሬ እንደ ጀንፈል ደርቆ ጠቁሯል። ፕሮቶኑ ከኒውትሮኑ አይለይም። ውጭኛው ቀለበት ላይ ለብቻዋ የነበረችው ሰሊጥም ወድቃለች። የቡና አገር ልጆች ሆነው ይሄን እንዴት ረሱት?

«ቀላል ነው፣ አታካብጂ» አለ ሱፊያን። ነጅላ ከሄደች በኋላ ቲቸር ዋቅጋሪ ከዩምና ጋር የመደበው እሱን ነው። «የእህትሽን ቀይ ኩቴክስ አምጪና ሦስቱን ቀቢ።»

«የትኞቹን?»

«የፈለግሽውን! ሦስት ፕሮቶን ካለ ሊትየም ነው። አራት ከቀባሽ ቤሪልየም ሆኖብን እንዋረዳለን። ኒውትሮን ቻርጅ የለው፤ ቢጨምር ቢቀንስ ክብደቱ ነው የሚለወጠው።»

«ሰሊጧስ?»

«ኤሌክትሮን ብትሄድም ሊትየምነቱ አይቀርም። ፖዘቲቭ ይሆንና ኤሌክትሮን ሲስብ ይኖራል። ምነው፣ ቲቸር ሲያስረዳ ተኝተሽ ነበር እንዴ?»

አልተኛችም። ጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር እያየች ነበር።

ነጅላ የሄደችው «ለቡና ለቀማ ገጠር፣ ሰቃ፣ አያቴ ጋ ደርሼ እመጣለሁ» ብላ ነው። ከትምህርት ቤቱ መልቀቂያዋን አስቀድማ ማውጣቷን፣ እዚያው ልትማር መሆኑን ዩምና የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ነጅላ ስትደውል አታነሳም። ስልኩ መጥራቱን ሲያቆም ግን ትንሽ በቆየ ትላለች። ጠዋት ባጃጅ ውስጥ አሁንም ቦርሳዋን ጎኗ አድርጋ ቦታ ትይዛለች፤ ሌላ ሰው «ቦርሳሽን ያዥው» ሲላት ነው የነጅላን መሄድ የምታስታውሰው።

ኩቴክሱን አምጥታ ከፈተችው። ብሩሹን ወደ አንደኛው ፍሬ አስጠጋች። ሱፊያን ልክ ነው፤ የትኛውም ሦስት ይበቃል። ቲቸር አያውቅም፣ ማንም አያውቅም። አንደኛዋን ፍሬ፣ ጎኗ የተጨራመተችውን፣ ነጅላ በአውራ ጣቷ ተጭና ማስቲሹ እስኪይዝ ይዛት ነበር። ቀይ ነበረች? አረንጓዴ?

ብሩሹን መልሳ ጠርሙሱ ውስጥ ከተተችና ስልኳን አነሳች።

«ለእሷ ልትደውይ ነው?» አለ ሱፊያን። «ለዚህ?»

«ለዚህ።»

ገና አንዴ እንደጠራ ተነሳ።

«ዩሚ? አካም ጅርታ? አንቺ ነሽ?» ከነጅላ ኋላ ሴቶች በኦሮምኛ እየተጯጯሁ ይሳሳቃሉ።

ዩምና ጉሮሮዋን ጠረገች። «ቀዮቹ የትኞቹ ነበሩ?»

በነጅላ በኩል በር ሲዘጋ ተሰማ፤ የሴቶቹም ድምፅ ራቀ።

«ዩሚ... ወላሂ ልነግርሽ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ...»

ሱፊያን ወደ ሰዓቱ ጠቆመ። ዩምና ጀርባዋን ሰጠችውና በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አለች፣ የኩቴክሱን ክዳን እየገጠመች።