የደበዘዘው ፊደል

መርማሪው ለሬሳው አልቸኮለም፤ ሬሳ የትም አይሄድ። መጀመሪያ አስፋልቱ ዳር ቆሞ የልብስ ስፌት ቤቱን መስታወት አየ። ይህ ሰው በሥራ ዘመኑ ዐይኑን የጨፈነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ይባላል፤ ሁለቱንም ጊዜ አስነጥሶት። «አይጨፍኔ» የሚሉት ለዚህ ነው።

መስታወቱ ላይ «ጌታው» የሚል ቃል በወርቅ ተጽፏል። ሁለቱ ፊደላት ፀሐይ ራሷ ቀንታ ዞር የምትልላቸው ናቸው። ሦስተኛው ግን እንደ አሮጌ ነሐስ ደብዝዟል። አይጨፍኔ «እህ» አለና ገባ።

ሟቹ ሽማግሌ አርባ ዓመት ሙሉ የተላጠ የሱቅ ጽሑፍ በወርቅ ሲያድስ የኖረ ነው። ከመስታወቱ ሥር ተደፍቶ፣ ማጅራቱ በልብስ ካውያ ተፈልጧል። አጠገቡ የወርቅ ቅጠሎቹ ተቀምጠዋል፤ ከሽንኩርት ልጣጭ ሺህ ጊዜ የሳሱ፣ ሰው ቢያዛጋ ተነሥተው የሚበርሩ።

በቤቱ የነበሩት ሦስት ናቸው። ባለቤቱ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጌታው» የሚለው ባለ ሱፍ ኮት፤ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በጀሶ የታሰረ ሚስቱ፤ እና ጓዳ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስትሰፋ የጎበጠች ታላቅ እህቱ። እህትየዋን ፖሊስ ገና ሳትጠየቅ በካቴና አስሯታል። ካውያው የእሷ ነዋ።

ጌታው ነገሩን ጨርሶ አስቀምጦታል። እሱና ሚስቱ በስድስት ሰዓት በጓሮ በር ወጥተው ምሳ ተጋብዘው ነበር፤ በዘጠኝ በዚያው በር ሲመለሱ ሰውየው ሞቷል።

«ስወጣ ሦስተኛው ፊደል ገና አልተነካም፤ አሁን ይኸው አልቋል። አንዱን ፊደል ለመሥራት አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። እንግዲህ እኔ ከወጣሁ በኋላ በሕይወት ነበረ ማለት ነው። ቤት የቀረችው ደግሞ ይቺ ናት» አለ፣ እህቱን በአገጩ እያሳየ። «በምጽዋት አኖርኳት፤ ውለታዬን ይኸው ከፈለች።»

«ወርቁን በምን ነበር የሚለጥፈው?» ሲል አይጨፍኔ እንደ ዋዛ ጠየቀ።

«በሙጫ ነዋ። ያለ ሙጫ ምን ይጣበቃል? እኔ እንደሆነ ጓዳ ለጓዳ አልልም፤ ሥራ የሠራተኛ ነው።»

ሚስትየዋ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሻይ በግራ እጇ ይዛ ስትገባ የፊደሉ ቦታ ባዶ እንደነበር መሰከረች። ሽማግሌው ያን ጊዜ ባሏን «እህትህን ጥራልኝ፣ የማሳያት ነገር አለኝ» ሲለው ሰምታለች። ከዚያ ልትለብስ ፎቅ ወጣች።

እህትየዋ ጋ ሲደርስ አይጨፍኔ ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ ወንድምዎ ጠርተውዎት ነበር?»

«ማን ይጠራኛል? የስፌት መኪናዬ እየጮኸ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም።»

«ወርቁን በምን ነበር የሚያሲዘው?»

«በውሃ። ጠብታ ጀላቲን ጣል ያደርግበታል፤ በኔ ማንቆርቆሪያ የማሟሟለት እኔ ነበርኩ። ሙጫ ካገኘው ይጨልማል ይል ነበር።»

አይጨፍኔ ሁሉንም አስፋልቱ ዳር አስወጥቶ ከመስታወቱ ፊት ደረደራቸው። ጌታው ሥራውን ከውጭ ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ከውስጥ ሲያዩት ሦስቱም አንድ ናቸው» አለ አይጨፍኔ። «ከዚህ ግን አንዱ ጭቃ ነው። ሽማግሌው ይህን ሊሠራ አይችልም፤ ሌላ ሰው በሙጫ ለጥፎታል። እመቤት በግራ እጃቸው ስኒ መያዙም በቅቷቸዋል። እትዬ ሙጫ ወርቁን እንደሚያጨልም ያውቃሉ። ደግሞስ፣ ሟቹ ከስድስት ሰዓት በኋላ በሕይወት የነበረ መምሰሉ ለማን ይጠቅማል? ቤት ለቀረ ሰው አይጠቅምም። የሚጠቅመው ወጥቶ ለሄደ ነው። እመቤት ፎቅ ሲለብሱ እርስዎ እዚህ በካውያ ሠሩ፤ ከዚያ በሙጫ።»

«ለምን ብዬ? የራሴን ስም የሚጽፍልኝን ሰው!»

አይጨፍኔ ለፖሊሱ ምልክት ሰጠ። ፖሊሱ ውስጥ ገብቶ፣ ጉንጩን እንደ ጥሩምባ ነፊ ነፍቶ፣ ከወርቁ በላይ መስታወቱ ላይ ተነፈሰ። በጉሙ ውስጥ ከስንት ዓመት በፊት የተፋቁ ፊደላት አንድ በአንድ ተነሡ፤ ፊደል ቢፋቅም መስታወት ጠባሳውን ይይዛል። «የወንድምና የእህት ልብስ ስፌት» ይላል።

«አባታችሁ ያስጻፉት ነው። ሽማግሌው ሲያጸዳ ቢተነፍስበት ታየው፤ እርስዎንም ለእህትዎ አሳያለሁ አልዎት» አለ አይጨፍኔ።

እህትየዋ በካቴና የታሰሩ እጆቿን አንሥታ ዐይኗን ጠረገችና ደግማ አነበበችው።

«ከገጠር ስመጣ አባባ ቤቱን ለብቻዬ ሰጠኝ ብለኸኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሠላሳ ዓመት ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነው የተኛሁት።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከእሷ ፈትቶ ለጌታው ሊያጠልቅ ሲል እሱ የእህቱን እጅ ያዘ። «እህቴ፣ በአባታችን ይዤሻለሁ፤ አንድ ነገር በይልኝ።»

እህቴ ሲላት በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያው ነበር። እሷ እጇን ቀስ አድርጋ አስለቀቀችና የኮቱን ቁልፎች ከላይ ወደ ታች፣ አንድ በአንድ፣ ስትፈታለት ዐይን ዐይኑን ታየው ነበር።

«ኮቱን ተወው» አለችው። «የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

በሸሚዝ ወሰዱት። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አየ። እሷ ኮቱን በክንዷ ላይ አጥፋ ገባች፤ ወዲያውም የሙጫው ፊደል በመቀስ ሲፋቅ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ።