የዶለዶመው ምላጭ

አስከሬኑን ያገኘችው ልጁ ናት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ኢርምጋርድ ከእናቷ መቃብር ተመልሳ የሥራ ክፍሉን በር ስትከፍት፣ አባቷ ጎትሊብ ፎስ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበሩ ላይ ተደግፎ አየችው። ጉሮሮው ተቆርጧል። ቀኝ እጁ ውስጥ የሚታጠፍ ምላጭ አለ፤ ከፊቱ ጠረጴዛው ላይ ቢጫው የምላጭ መሳያ ድንጋይ። አልጮኸችም። ኮቷን አውልቃ መስቀያው ላይ ሰቀለች፤ ጎረቤት የጠራችው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሲደነዝዝ እንዲህ ነው፤ እጅ የለመደውን ይሠራል፣ ልብ በኋላ ይደርሳል። የሷ ልብ ግን ሰኞም አልደረሰ፣ ማክሰኞም አልደረሰ።

በጀርመኗ የስለት ከተማ በዞሊንገን ከስለት እንጀራ የማይበላ ቤት የለም፤ ምላጭ በመሳል ግን ጎትሊብን የሚያህል አልነበረም። ሰፈሩም ሳይውል ሳያድር ፈረደ፤ ሽማግሌው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሆድ ብሶት ነበርና በገዛ ምላጩ ራሱን አጠፋ ተባለ። ቄሱም ራሱን ላጠፋ ሰው ደወል አይደወልም፣ ከሚስቱ ጎን መቀበሩ ቀርቶ ከአጥሩ ውጭ ነው የሚቀበረው አሉ።

«አባዬ ራሱን አላጠፋም» አለች ኢርምጋርድ። ላገኘችው ሁሉ ይህንኑ አለች። ማን ይስማት!

የሚሰማት ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ኢንስፔክተር ቨርነር ሌርሽ አገጩ ላይ አዲስ ቁስል የማይጠፋ አጭር ሰው ነው፤ ምላጩን ራሱ ይስላል፣ አይችልበትም። በሥራው ግን እሳት የላሰ ነበር።

«ራሱን አላጠፋም የሚሉት በምን ምክንያት ነው?»

«ቅዳሜ እራት ላይ እሺ ስላልኩት።»

«ምኑን ነው እሺ ያሉት?»

«ምላጭ መሳሉን። ሲስል እያየሁ ነው ያደግሁት። ‹ነይ ሞክሪ› ሲለኝ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል። የሰው ምላጭ ባበላሽስ፣ ድንጋዩን ብፍቀውስ እያልኩ እዚህ ዕድሜ ድረስ ስሸሽ ኖርኩ። ቅዳሜ እሺ ብለው ጊዜ ደስታውን አልቻለውም። የራሱን ምላጭ አምጥቶ ስለቱን በጠርሙስ አፍ ላይ ጎተተው፤ ቅቤ እንኳ እንዳይቆርጥ አድርጎ አዶለዶመው።»

«ደህናውን ምላጭ? ለምን?»

«እኛ ዘንድ ጀማሪ የሚነሳው ከሞተ ስለት ነው። አስተማሪው ይገድለዋል፣ ተማሪው ያስነሳዋል። ‹ሰኞ ትስይዋለሽ፤ መጀመሪያ የምትላጪውም እኔን ነው፤ ካደማሽኝም ደሙ የኔ ነው› አለኝ።»

ይህን ስትናገር ድምፅዋ አልተሰበረም። የሌላ ሰው አባት ታሪክ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

«ያ ምላጭ አሁን የት ነው?»

«እጁ ውስጥ የነበረው እሱ ነው።»

ሌርሽ ምላጩን ከቦርሳው አውጥቶ በወረቀት ጠርዝ ላይ ሳበው። ወረቀቱ ያለ ድምፅ ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ ድንጋዩን አንስቶ በጣቱ ዳሰሰው፣ አሸተተውም። መልሶ በጨርቅ ጠቀለለው።

ቀጥሎ ወይዘሮ ቴክላ ተጠራች፤ ምላጮቹን የምታሽገዋ ባልቴት ናት።

«እዚህ ቤት ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ምላጩ እንዳይዝግ ዘይት ቀብቼ በወረቀት እጠቀልላለሁ። ድንጋዩን ከሆነ የሚጠይቁኝ፣ በጣቴም ነክቼው አላውቅ። ድንጋዩን ለነካበት ሰው የጎትሊብ ምላስም ምላጭ ነበር።»

«እሑድ የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ብቻዬን። ባል የሌላት ሴት ምስክር ከየት ታመጣለች፣ ጌታዬ?»

ሌርሽ የዘይት ጠርሙሷን ከፍቶ አሸተተ። ምንም ሽታ የለውም።

የመጨረሻው የሟቹ የወንድም ልጅ ኩኖ ነበር፤ በጓሮው በኩል መቀስ የሚስል ትከሻ ሰፊ ሰው።

«እኔም ከምሳ በኋላ ተኝቼ ነበር» አለ። «አጎቴም እሑድ እሑድ ወንበሩ ላይ ይተኛል። ጆሮው ከባድ ነው፤ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም።»

«ኢርምጋርድ መሳል ልትጀምር መሆኑን ሰምተዋል?»

ኩኖ ሳቀ። «እሷ? ድንች ስትልጥ እንኳ ትንቀጠቀጣለች! ቅዳሜ ማታ አጎቴ ሲነግረኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር።»

ረቡዕ ሌርሽ ሁሉንም በሥራ ክፍሉ ሰበሰበ፤ ቄሱንም ጠርቷል። ጠረጴዛው ላይ የዶለዶሙ ምላጮች፣ ሌላ ቢጫ ድንጋይ፣ ጎድጓዳ ሳሕን ውሃና የቴክላ ጠርሙስ ተደርድረዋል።

«አገጬን እያያችሁት ነው» አለ። «ከመፍረዴ በፊት እስቲ አንዳችሁ መሳል አሳዩኝ። ወይዘሮ ቴክላ?»

«ድንጋይ አልነካም ብያለሁ!»

«ወይዘሪት ኢርምጋርድ?»

ኢርምጋርድ እጆቿን አየቻቸው። ይንቀጠቀጣሉ። «አልችልም» አለች።

«አላልኩዎትም!» አለ ኩኖ፤ ወንበሩን ስቦ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ከሥራ ልብሱ ኪስ ትንሽ ቆርቆሮ አውጥቶ ድንጋዩ ላይ ጠብ ጠብ አደረገና ምላጩን ማመላለስ ጀመረ።

«ኧረ ምን ነካህ!» ብላ ቴክላ ጮኸች። «በቢጫው የውሃ ድንጋይ ላይ ዘይት?»

የኩኖ እጅ ቀጥ አለ። ክፍሉን የላምባ ሽታ ሞላው።

«ይበቃል» አለ ሌርሽ። «ጎትሊብ እጁ ውስጥ የተገኘውን ምላጭ ቅዳሜ ማታ ለልጁ ብሎ ገደለው። እሑድ ግን ያው ምላጭ ጉሮሮ ቆረጠ። ስለዚህ በመሃል የሳለው ሰው አለ። ጎትሊብ ነው እንዳንል፣ ሰኞን በጉጉት ይጠብቅ ነበር። ደግሞስ እሱ ቢሆን በውሃ ነበር የሚስለው፤ ድንጋዩን ግን ያገኘሁት በዘይት ረጥቦ ነው። ዘይቱ ላምባ ላምባ ይላል። የወይዘሮ ቴክላ ዘይት አይሸትም። ዘይትን በላምባ የሚያቀጥነው መቀስ የሚስል ሰው ነው። ልጅቷን ደግሞ ያን ሰዓት ከእናቷ መቃብር ላይ ቄሱ ራሳቸው አይተዋታል።»

«አዎ፣ አይቻታለሁ» አሉ ቄሱ።

«ኩኖ ምላጭ በውሃ እንደሚሳል ያውቃል» አለ ሌርሽ። «እጁ ግን አያውቅም።»

«አመል ያወጣል ከመሐል» አለች ቴክላ እያለቀሰች።

ኩኖ ቆርቆሮውን በጣቶቹ ያሽከረክር ጀመር። «ይህ ወንበር ያንተ ነው ብሎኝ ነበር» አለ። «ስንት ዓመት ጠበቅሁት! እሷ አንድ ማታ እሺ ስላለች ብቻ... በገዛ ምላጩ ቢሞት ማን ይጠረጥራል ብዬ ነው። ሳነሳው ዶልዷማ ሆኖ አገኘሁት።»

«ከዚያስ?» አለች ኢርምጋርድ። «አጠገቡ ቁጭ ብለህ ሳልከው? ተኝቶ ሳለ?»

«ጆሮው ከባድ ነበር» አለ ኩኖ።

እሺ ባልል ኖሮስ፣ ብላ አሰበች። ሐሳቡ መጣና ቆመ፤ እንባ ግን ከየት ይምጣ። ቄሱ ወደ እሷ ጠጋ ብለው «ደወሉ ይደወላል፣ ልጄ፤ ከእናትሽም ጎን ያርፋል» አሏት። አመሰገነቻቸው።

ሐሙስ ጠዋት ጎትሊብ በሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ሳሎን ገባ። ጉሮሮውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነውለታል፤ ጢሙ ግን አድጓል። ሌላ ሰው ይላጨው ሲባል ኢርምጋርድ እምቢ አለች። የሥራ ክፍሉን በር ዘግታ ከተረፉት ዶልዷማ ምላጮች አንዱን አነሳች።

ድንጋዩን በውሃ አራሰችው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መንቀጥቀጡ እስኪተዋት ብትጠብቅ ደግሞ ዕድሜ ልኳን እንደምትጠብቅ አወቀች። እየተንቀጠቀጠች ምላጩን ጀርባውም ስለቱም እንዲነካ አድርጋ ድንጋዩ ላይ አስተኛችው፤ ገፋችው። ጫፍ ሲደርስ በጀርባው ገልብጣ መለሰችው። በስለቱ በኩል የገለበጠ የሠራውን ሁሉ ያጠፋል፤ ይህን ሺህ ጊዜ ሰምታለች። መጀመሪያ ድንጋዩ አጉረመረመ፤ እየቆየ ድምፁ ለስላሳ ሆነ። እጇ መቼ እንደ ረጋ አላስተዋለችም። በማለስለሻው የቆዳ ጠፍር ላይ አመላልሳ ክንዷ ላይ ሞከረችው፤ ጸጉሩ ረገፈ።

የአባቷን ጉንጭ በሳሙና ቀባች። ሙት አይደማም፤ እሷ ግን የሚደማ ሰው እንደምትላጭ ተጠነቀቀች፤ ቆዳውን በጣቷ ወጠር፣ ምላጩን ዝቅ። ከጨረሰች በኋላ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ እጇን አገጩ ላይ አሳለፈች። አንድም ጭረት የለም።

ውጭ ደወሉ መደወል ጀመረ።

«አላደማሁህም፣ አባዬ» አለች፤ ልቧ የደረሰው ያኔ ነው።