የተከፈተው ማፍሰሻ

በወተት ፋብሪካው ተመራማሪ የነበረው ዶክተር ቧንቧዎች በተዘረጉበት የሙከራ ክፍል ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ከራሱ አጠገብ የቧንቧው ጫፍ የሚዘጋበት የብረት ክዳን ወድቋል፤ ክዳኑ ላይ ደም አለ። ጠዋት መጀመሪያ ያየችው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ናት። ምንም ሳትነካ ወጥታ ፖሊስ ጠራች።

የመጣው መርማሪ ባልደረቦቹ «አይቸኩሌ» የሚሉት ወፍራም ሰው ነው። ሊያሾፉበት ያወጡለት ስም ነው፤ እሱ ግን ወዶታል። ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ክዳኑን ከቧንቧው ጋር የሚያጣብቀውን ማሰሪያ አገላብጦ አየ። አልተሰበረም፣ አልተጣመመም። ከዚያ ዓይኑ ቧንቧው ሥር ካለች ትንሽ የማፍሰሻ ቫልቭ ላይ አረፈ። ክፍት ናት። «እንዴት ነው ነገሩ?» አለ ለራሱ፤ ለሌላ ሰው ግን ትንፍሽ አላለም።

የሙከራውን ነገር ያስረዳው የምርት ኃላፊው ነው፤ ፀጉሩ በወተት ፋብሪካ ውስጥ የሸበተ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚለው ሰው። ዶክተሩ ቧንቧን በፈላ ውሃና ኮስቲክ ሶዳ በሚባል ኬሚካል ማጠብን የሚያስቀር ዘዴ ሲሞክር ነበር። የተፈጨ በረዶ በግፊት ይነዳና የተጋገረውን የወተት ቅሪት ጠራርጎ ያወጣል። ውሃ ይቆጥባል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ወንዙንም አይመርዝም።

«በረዶው ተወትፎ ግፊቱ ክዳኑን ወረወረው» አለ ጋሼ። «ማሰሪያው አልጠበቀም ነበር ማለት ነው። ማን እንዳሰረው መናገር አልፈልግም፤ ልጅ ናት፣ ሕይወቷን ማበላሸት ነው።»

አልፈልግም እያለ ተናገረ እንግዲህ። ማሰሪያውን የምታስረው የዶክተሩ የእህት ልጅ ናት፤ እሱ ራሱ አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ረዳት ኢንጂነር ያደረጋት። ፖሊሶቹ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ሊያስሯት ተዘጋጅተዋል። እሷም አትከራከርም፤ ጥግ ላይ ተቀምጣ «አጥብቄው ነበር... አጥብቄው ነበር መሰለኝ» ትላለች። ያሳደጋትን አጎቷን ትግደለው አትግደለው ራሷም አላወቀችም፤ ከዚህ የከፋ ምን አለ?

አይቸኩሌ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሙከራ ስትጨርሱ ይህቺን ማፍሰሻ ትከፍቷታላችሁ?»

«ኧረ በጭራሽ። ውስጥ የቀረው ውሃ ናሙናችን ነው፤ በማግስቱ እንለካዋለን። አጎቴ ማፍሰሻ የከፈተ ሰው ካገኘ ቀኑን ሙሉ አያናግረውም።»

«ሰሞኑን ያሳሰበው ነገር ነበር?»

«በረዶውን በፋብሪካው ዋና መስመር ስንሞክረው ጥቁር ዝቃጭ ይዞ ወጣ። አምና በወተታችን የታመሙት ሕፃናት ጣጣ ከዚህ ነው የመጣው አለኝ። ያኔ ጥፋቱ በገበሬዎቹ ነበር የተላከከው።»

ሥራ አስኪያጇ ዶክተሩ ለጠዋት ቀጠሮ ይዞ እንደነበር፣ ሲዘገይባት ልትፈልገው እንደሄደች ተናገረች። ከባንክ ቤት የመጣች ሴት ናት። አይቸኩሌ ማፍሰሻውን እንድታሳየው ቢጠይቃት በኩራት ቴርሞሜትሩን አሳየችው። ሳቁን ዋጥ አድርጎ አመሰገናት፤ ከዚያም የዋናውን መስመር ቧንቧ እየተከተለ ፋብሪካውን ሲዞር ዋለ።

አመሻሽ ላይ ሦስቱንም ሙከራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው። ልጅቷን እንደ ወትሮው በረዶውን እንድትነዳ ጠየቃት። ማሰሪያውን አጠበቀች፤ ፓምፑ ጮኸ፣ ቧንቧው በላብ ተነከረ፣ ክዳኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ሲያበቃ መርማሪው ሁሉም ቃላቸውን ለመፈረም ወደ ቢሮ እንዲሄዱ ነገራቸው። ጋሼ ከኋላ ቀረት አለ።

ከኋላቸው ውሃ መሬት ላይ ሲፈስ ተሰማ። ዞር ሲሉ ጋሼ እንዳጎነበሰ ነው፤ እጁ ቫልቯ ላይ ነው።

«ለምን ከፈቱት?» አለ አይቸኩሌ።

«ልማድ ነዋ። ማፍሰሻ ዘግቶ የሚሄድ የወተት ሰው የለም፤ ቧንቧው ይሸታል» አለና የተናገረው ነገር ገብቶት ደነገጠ።

«እኔም ጠዋት ክፍት ሆና ነው ያገኘኋት» አለ መርማሪው ድምፁን ሳይጨምር። «ክፍት ከሆነች ግፊቱ በእሷ በኩል ይወጣል፤ ክዳን አይወረውርም። ከሞተ በኋላ ተከፈተች ብንል ደግሞ የከፈታት ሰው ሬሳውን አይቶ ዝም ብሏል። ዶክተሩና ልጅቷ ናሙናቸውን አያፈሱም። ሥራ አስኪያጇ ማፍሰሻዋ የቷ እንደሆነች እንኳ አታውቅም። ማሰሪያው ያልተሰበረው ሰው በእጁ ስለፈታው ነው። አሁን አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ከዋናው መስመር ጎን መጨረሻው የተደፈነ፣ ውሃም ሶዳም የማይደርስበት ቅጥያ ቧንቧ አየሁ፤ ያ ጥቁር ዝቃጭ የተጠራቀመው እዚያ ነው። ያን ያስቀጠለው ማነው?»

ሥራ አስኪያጇ ቀስ ብላ ወደ ጋሼ ዞረች። «እሳቸው ናቸው» አለች።

ጋሼ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሲያያቸው ቆየ።

«ትናንት ማታ ነገሩን እንዲተወኝ ለመንኩት» አለ በመጨረሻ። «ዕድሜ ልኬን የጋሼ እጅ ንጹሕ ነው ስባል ኖሬ፣ ሕፃናት አሳመመ ልባል? እንቢ አለኝ። ማሰሪያውን ፈታሁና በክዳኑ... ከዚያ ማፍሰሻውን መክፈቴን እንኳ አላስታውስም።»

ልጅቷ ተነስታ ቫልቯን ዘጋች።

«አጎቴ ስምዎን አልነገረኝም» አለች። «"አንድ ሰው ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ ጠዋት ሥራ አስኪያጇ ፊት አብሬው እገባለሁ፣ ብቻውን አይቁም" ነው ያለኝ። አጠገብዎ ሊቆም ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

ፖሊሶቹ ሰውዬውን ይዘውት ወጡ። እሷ ከመደርደሪያው ጠርሙስ አወረደች፣ ቧንቧው ውስጥ የቀረውን ውሃ ቀዳች፣ ለነገ ልኬት አስቀመጠችው።