የጨረቃ መንደር ነዋሪዎች የት ገቡ?

ድሬዳዋ ውስጥ፣ አንድ ፎቅ ቤት ላይ፣ ሐመልማል የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ትኖር ነበር።

አንድ እሑድ ሐመልማል ከጎረቤቷ ከኢክራም ጋር ሆና የጨረቃ መንደር ሠራች።

መሬቱ ካርቶን ነው። ሙጫ ቀቡትና አሸዋ በተኑበት። ተራሮቹን ከእንቁላል መያዣ ቆረጧቸው።

«ማን ይኖርበታል?» አለች ኢክራም።

ሐመልማል የመጫወቻ ከረጢቷን ገለበጠች። ዶሮ ወጣች። ግመል ወጣ። ከአክስቷ የሠርግ ኬክ ላይ የተነሣው ትንሹ ሙሽራም ወጣ።

«እንዲህ ሆነውማ ጨረቃ አይሄዱም» አለች ኢክራም። «እንቀይራቸው።»

ዶሮዋ ራስ ላይ ሁለት የሽቦ አንቴና ተከሉ። ለግመሉ አራት የሸሚዝ ቁልፎች አመጡና ጎማ አደረጉለት።

ሙሽራውን በማስቲካ ብርማ ወረቀት ጠቀለሉት። ጀርባው ላይ የእስክሪብቶ ክዳን አሰሩለት።

«ይኼ አየሩ ነው» አለች ኢክራም። «ጨረቃ ላይ አየር የለማ።»

የሐመልማል እናት ሻማ አንጠባጠበችና ሦስቱንም ተራሮቹ ጫፍ ላይ አጣብቃ አቆመችላቸው። መንደሩን ክፍቱ መስኮት ላይ አስቀመጡት።

ሰኞ ሐመልማል ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዶሮዋ የለችም።

ሐመልማል ዓይኗን አጠበበች። «እም... ማን ወሰዳት?»

«እማ፣ ዶሮዬን አይተሻታል?»

«አላየኋትም የኔ ልጅ። እኔም አሁን ከሥራ መግባቴ ነው።»

ሐመልማል የእናቷን ኪስ በቀስታ ዳሰሰች። መሐረብ ብቻ ነው ያለው።

ማክሰኞ ስትመለስ ደግሞ ግመሉ የለም።

ሐመልማል ዓይኗን አጠበበች። «እም... ማን ወሰደው?»

ደረጃው ላይ የጎረቤት ድመት ተኝታለች። «አፍሽን ክፈቺ» አለቻት።

ድመቷ አዛጋች። አፏ ውስጥ ግመል የለም።

ኳ! ኳ! ኳ! ኢክራም መጣች።

«ግመሉም ጠፋ?» አለች ኢክራም። «እኔ እኮ በጣም ነበር የምወደው። እንደሱ ያለ ግመል ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ሐመልማል ዓይኗን አጠበበች። በጣም፣ በጣም አጠበበች። «እም...»

ኢክራም ውኃ ልትጠጣ ወደ ኩሽና ስትሄድ፣ ሐመልማል የኢክራምን ቦርሳ ከፈተች።

ደብተር አለ። እርሳስ አለ። ግማሽ ዳቦ አለ። ግመል የለም።

ቀና ስትል ኢክራም በሩ ላይ ቆማለች።

ኢክራም ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሐመልማል መንደሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቀችው። «ሙሽራውንማ ማንም አይወስደውም» አለች።

ረቡዕ በሩ አልተንኳኳም። ሐሙስም አልተንኳኳም። ዓርብም ጸጥ።

ሐመልማል ቁም ሣጥኑን ከፍታ ሙሽራውን አየችው። ብቻዋን ስታየው ግን አላስደሰታትም።

ቅዳሜ ትምህርት የለም። «ዛሬ ሌባውን እይዘዋለሁ» አለች ሐመልማል።

መንደሩን መልሳ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ራሷ ጠረጴዛ ሥር ገባችና መጠበቅ ጀመረች።

እናቷ አለፈች። አልነካችውም። ድመቷ አለፈች። አልነካችውም።

ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገባች። የድሬዳዋ ፀሐይ ደግሞ ታቃጥላለች።

ሙሽራው እግር ሥር ያለው ሻማ አብረቀረቀ። ከዚያ ለሰለሰ።

ሙሽራው ዘንበል አለ። ዘንበል... ዘንበል... ዘንበል...

ከተራራው ወደቀ። ከመስኮቱም ወደቀ። ኳ!

ሐመልማል ሮጣ በመስኮቱ ወደ ታች አየች።

ከመስኮቱ ሥር የልብስ ሰፊው ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ አለ። ጣሪያው ላይ ሙሽራው በሆዱ ተኝቷል። አጠገቡ ዶሮዋ አለች። ግመሉም አለ።

ሐመልማል ዓይኗን አላጠበበችም። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እማ» አለች፣ «ማንም አልወሰዳቸውም። እኔ ግን የኢክራምን ቦርሳ ከፍቻለሁ።»

እናቷ አጠገቧ ተቀመጠች። «ታዲያ ይኼን መስማት ያለብኝ እኔ ነኝ?»

«አይደለሽም» አለች ሐመልማል። ተነሥታ ወጣች።

ኳ! ኳ! ኳ!

«ማነው?» አለች ኢክራም ከውስጥ።

«እኔ ነኝ። ሐመልማል።»

በሩ ትንሽ ብቻ ተከፈተ።

«ይቅርታ ኢክራም። አንቺ የወሰድሽ መስሎኝ ነበር። የወሰደቻቸው ግን ፀሐይ ናት። ሻማውን አቅልጣ ጣለቻቸው።»

ኢክራም መሬት መሬት አየች። «ጓደኛሽ አይደለሁ? ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«መጠየቅ ነበረብኝ» አለች ሐመልማል።

ኢክራም በሩን በሰፊው ከፈተችው። «እስኪ የት እንደወደቁ አሳዪኝ።»

ሁለቱ ልጆች የመጥረጊያው እንጨት ጫፍ ላይ ጭልፋ አሰሩ። የሐመልማል እናት እንጨቱን ይዛ በመስኮቱ ወደ ታች ዘረጋችው።

«ወደ ግራ» አለች ኢክራም። «ትንሽ ወደ ቀኝ» አለች ሐመልማል።

ጭልፍ! ዶሮዋ ወጣች። ጭልፍ! ግመሉ ወጣ። ጭልፍ! ሙሽራው ወጣ።

ከግመሉ አንድ ጎማ ጠፍቷል። የዶሮዋ አንቴና ታጥፏል። እስከ ማታ ሲጠግኑ ቆዩ። አሁን ያጣበቋቸው በሻማ ሳይሆን በሙጫ ነው።

ኢክራም ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትነሣ፣ ሐመልማል የጨረቃ መንደሩን አንሥታ ሰጠቻት።

«ዛሬ አንቺ ጋ ይደር» አለቻት።

«ሁሉም?» አለች ኢክራም።

«ሁሉም።»

ኢክራም መንደሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀስ እያለች፣ ፈገግ እያለች ሄደች።

ማታ እናቷ ሐመልማልን አስተኛቻት። ባዶውን መስኮትም አየች። «መንደርሽስ?»

«ኢክራም ጋ ነው» አለች ሐመልማል። አንሶላዋን እስከ አገጯ ሳበች፤ ወዲያውም እንቅልፍ ወሰዳት።