የሚዜው ስቲከር

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለ ኤልያቄም ደረቱን ነፍቶ።

ፅጌረዳ የነከሰችው ሳምቡሳ ጉሮሮዋ ላይ ተወተፈ። የእረፍት ሰዓት ነበር። የአሥረኛ ክፍል ግማሹ የኤልያቄምን ስልክ ከቦ በአንድ የቴሌግራም ስቲከር ይንከተከታል። ስቲከሩ ላይ ወርቃማ ከረባት ያሰረ፣ ደረት ኪሱ ላይ አበባ የሰካ፣ አፉን እስከ ጆሮው የከፈተ ወጣት አለ። ከሥሩ «ለሰርግዎ ይደውሉልን» ይላል።

ወጣቱ ደምሰው ነው፤ የ«ዝገት» ባንድ ጊታር መቺና ድምፃዊ፣ የፅጌረዳም ታላቅ ወንድም። ስቲከሩን የሠራችው ደግሞ፣ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም እንጂ፣ ፅጌረዳ ራሷ ናት።

«ፎቶውን ከየት አመጣኸው?» አለችው፣ ሳምቡሳውን እንደምንም ወደ ታች ሸኝታ።

«ኢንተርኔት ላይ ነዋ! ሙድ ያለው ፎቶ ስፈልግ ዓይኔ ነው የጠፋው። ቀላል እንዳይመስልሽ።»

ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ኖሮ አያውቅም። በአክስታቸው ልጅ በክብረት ሰርግ፣ ደምሰው ሚዜ ሆኖ ሳለ፣ በራሷ ስልክ ያነሳችው ነው። ይህን ተናግራ ውሸቱን እዚያው ልታፈርስበት ትችል ነበር። ግን የሚቀጥለው ጥያቄ «አንቺስ በምን አወቅሽ?» እንደሚሆን ታውቃለች።

«ጎበዝ» አለችው።

«ዝገት» የሚጫወተው ፕሮግረሲቭ ሜታል ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ጊታሩ እንደ ድንጋይ መፍጫ የሚያጓራበት፣ ምቱም እግርህን አንስተህ ልትከተለው ስትል መንገድ ቀይሮ የሚያመልጥህ ሙዚቃ ማለት ነው። ከሁሉ የተወደደው ዘፈናቸው «ሲሚንቶ» አሥራ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ግጥሙ ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሲሚንቶ። ኤልያቄም ቃሉ ሰባት ምሥጢራዊ ትርጉም እንዳለው ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያስረዳል። ደምሰው ዘፈኑን የጻፈው ጎረቤት ፎቅ ሲያስገነባ እንቅልፍ አጥቶ ነው። ትርጉም ይኑረውም አይኑረው፣ ፅጌረዳ ዘጠነኛ ክፍልን የተሻገረችው በዚያ ዘፈን ነው። የሒሳብ ፈተና ሲደርስ፣ የእናትና የአባቷ ድምፅ ከፍ ከፍ ሲል፣ ጆሮዋ ላይ ትሰካዋለች። ዘፈኑ በእሷ ፋንታ ይጮኽላታል።

አድናቂዎቹ ራሳቸውን «ዝገቶች» ይላሉ፤ ከራስ እስከ እግር ጥቁር ይለብሳሉ። ከመካኒሳ ወደ ለቡ ታክሲ ውስጥ ተሰብስበው ሲገቡ እናቶች ከንፈር እየመጠጡ «እግዜር ያጥናችሁ ልጆቼ፣ ማን ነው የሞተባችሁ?» ይሏቸዋል።

ዘንድሮ በእርግጥም ሰው የሞተባቸው መሰለ። «ዝገት» አዲስ ዘፈን አወጣ፤ «ሳይዘንብ ግቢ» ይባላል። ማጓራት የለም። ክራር አለ፣ የእጅ ከበሮ አለ፣ ደምሰውም በገዛ ድምፁ፣ ያውም ቀስ ብሎ፣ ይዘፍናል። ከሁሉ የባሰው፣ ትከሻ ያስነቀንቃል።

የአድናቂዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ ድንኳን ጣለ። «ነፍስ ይማር» አለ አንዱ። «ሠልስቱ መቼ ነው?» አለ ሌላው። ሚሳኤል የሚባል ልጅ ደግሞ ማንም ሊመልሰው የማይችል ክስ አቀረበ፦ «አጎቴ ወደደው። አጎቴ!» ከዚያ በኋላ ለዘፈኑ የሚከራከር ጠፋ።

ፅጌረዳ ዘፈኑን ከሁሉም ቀድማ ሰምታዋለች። ደምሰው ሶፋ ላይ አስቀምጦ አጫውቶላት ነበር። «እውነቱን ንገሪኝ» ሲላት፣ የክራሩን አውታር እያየች «አሪፍ ነው» አለችው። «አሪፍ» የሚያገለግለው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። የተሰረቀች ያህል ተሰማት። ከእንግዲህ በእሷ ፋንታ ማን ሊጮኽላት ነው? ዘፈኑ የወጣ ቀን፣ ግሩፑ ሲነድ፣ በሌላ ስም አካውንት ከፈተችና የሚዜውን ፎቶ ቆርጣ፣ ስቲከር አድርጋ ለቀቀችው። ለሳቅ። ለአንድ ከሰዓት ብቻ።

በማግስቱ አካውንቱን ዘጋችው፤ ፎቶውንም ከስልኳ ፋቀችው። ስቲከር ግን ባለቤቱ ቢሞትም እሱ ይኖራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይኼኛው አፋፉን አልፎ ጎፋ ደርሷል።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደምሰው በረንዳው ላይ ተቀምጦ የክራሩን አውታር ይወጥር ነበር። ቀና ሳይል ስልኩን አቀበላት።

«አይተሽዋል?»

የራሷ ሥራ በወንድሟ ስልክ ላይ አፉን ከፍቶ ጠበቃት።

«አየሁት።»

«የሠራው ኤልያቄም የሚባል ልጅ ነው አሉ። ያንቺ ክፍል ልጅ አይደል?»

«አዎ።»

«እኛ ቤት መጥቶ ያውቃል እንዴ?»

«አያውቅም።»

«የክብረት ሰርግስ ተጠርቶ ነበር?»

ደምሰው አንዱን አውታር መታ አደረገ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ጠመዘዘው። እንዲጮኽባት ፈለገች። ድሮ ቢሆን ይጮኽ ነበር፤ ሥራውም እኮ መጮኽ ነበር።

«ደሜ... ወደ ድሮው ለምን አትመለሱም ግን? መብራት እኮ መጣ።»

ባንዱ የሚለማመደው ለቡ መብራት ኃይል፣ በከበሮ መቺው በኢፋ ወላጆች ጋራዥ ውስጥ ነው። ክረምት ላይ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ መብራት ኃይል የሚባለው ሰፈር ራሱ በሻማ ከረመ። ያኔ ጊታሩ ግድግዳ ላይ ተሰቀለና ከኢፋ አጎት ቤት ክራርና ከበሮ መጣ።

«መጣ» አለ ደምሰው። «የመጣ ለት ሁሉንም ሰካክተን ‹ሲሚንቶ›ን ጀመርነው። መሃል ላይ ኢፋ የድራም እንጨቱን አስቀመጠና ‹እስቲ ያንን ከበሮ አቀብሉኝ› አለ። ሳቅንበት። ከዛ አቀበልነው።» ትከሻውን ሰበቀ። «ምን ላርግሽ ፅጌ፣ ደስ አለኝ። ጉሮሮዬን ሳያመኝ ዘፍኜ ስለማላውቅ ይሆናል።»

«ሰው ግን ሙድ እየያዘባችሁ ነው።»

«አንብቤያለሁ።» አውታሩን ደግሞ ጠመዘዘ። «ቅዳሜ ለቡ ዝግጅት አለን። ከእኛ ጋር ከመጣሽ ክራሩን ትይዥልኛለሽ። ታክሲ ውስጥ ይጨፈለቅብኛል።»

«ከጓደኞቼ ጋር ነው የምመጣው» አለች ቶሎ ብላ።

«አሪፍ ነው» አላት። ያችኑ ቃሏን ነበር የመለሰላት።

ዓርብ ዕለት ኤልያቄም ከመካኒሳ ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዞ መጣ። ስቲከሩን በሰው ፊት ልክ አሳትሞታል። ዓይኖቹ በእስክሪብቶ ተበስተዋል፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ ላስቲክ ታስሮበታል።

«ሁላችንም እናጠልቀዋለን። መድረክ ላይ ሲወጣ የሚያየው ራሱን ብቻ! ከዛ እልልታ! እስቲ አስቢው!»

ፅጌረዳ አሰበችው።

«ኤልያ፣ ተው በናትህ። ያመዋል።»

«እንዲያመው ነዋ! እኛስ አላመመንም?»

«ክራሩን የጀመሩት እኮ መብራት ጠፍቶባቸው ነው።»

«ከመጣ ሁለት ወር አለፈው።»

ሌላ መንገድ አልቀረም። ዓይኗን ጨፈነችና «ስቲከሩን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «የኔ ነው። አትጠቀሙበት።»

ኤልያቄም በሐዘኔታ አያት። «ትናንት ሚሳኤልም እንደዚሁ ሲል ነበር። ልጁ ሲታወቅ ወላጁ በዛ አቦ!»

«አንተ እንዳልሠራኸው ታውቃለህ እኮ!»

«አንቺስ ለመሥራትሽ ማስረጃ አለሽ?»

አልነበራትም። ማስረጃውን በገዛ እጇ ፍቃዋለች። ኤልያቄም ከፌስታሉ አንድ ጭንብል አወጣና፣ ልክ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው፣ እጇ ላይ አኖረላት።

ቅዳሜ ከሰዓት የለቡው አዳራሽ ጥቁር በጥቁር ሆነ። መብራቱ ደብዘዝ ሲል ሁሉም ወረቀቱን አጠለቀ። ደምሰው ክራሩን አቅፎ ብቅ ሲል አርባ ሃምሳ ደምሰው አፉን ከፍቶ ተቀበለው።

የፅጌረዳ ጭንብል ገና እጇ ላይ ነው። ቀረብ አድርጋ ስታየው ያ ቀን መጣባት። ደምሰው ከረባቱ አንቆት፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ ከሙሽራው ጎን ተገትሮ ነበር። ስልኳን ደገነችና «ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ? ላብህ ከሱ በለጠ እኮ!» አለችው። አፉን የከፈተው ያኔ ነው። እየዘፈነ አልነበረም፤ በእሷ ቀልድ እየሳቀ ነበር። አሁን ያ ሳቅ በየሰዉ ፊት ላይ ተለጥፎ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል።

«አጥልቂው እንጂ!» አላት ከጎኗ ያለው ደምሰው፣ በኤልያቄም ድምፅ።

አላጠለቀችውም።

ከበሮው ጀመረ። ደምሰው አፉን ሲከፍት እልልታው አዳራሹን ሞላው፤ ድምፁ አልተሰማም። ኢፋ ከበሮውን ጠንከር አድርጎ መታ፤ እልልታውም ጠነከረ። እልልታ ደግሞ ለደስታ የተፈጠረ ነገር ስለሆነ ዝም በሉ ለማለት አይመችም። የበሩ ጥበቃ እንኳ ብቅ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሰርግ መስሎታል።

ልትጮኽ አሰበች፤ አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል? መድረኩ ላይ ልትወጣ አሰበች፤ ወጥታስ ምን ልትል? የቀራት ፊቷ ብቻ ነበር። ገልጣው ቆመች።

ደምሰው ከወረቀት ፊቶቹ መካከል አገኛት። ፈገግ አላለም፤ አልተቆጣምም። ለአንድ ምት ያህል ጣቱ ክራሩ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ አውታሩ መለሰና ማንም የማይሰማውን ዘፈን ቀጠለ። ፅጌረዳ ከከንፈሩ ላይ አንድ ሐረግ አነበበች፤ «ልብሱን አስገቢው»። ደመና ሲያንዣብብ እናታቸው ከግቢ የምትጣራው ነው። ያኔ ሶፋው ላይ አላስተዋለችውም ነበር።

ሲያልቅ ጭብጨባ ሆነ፣ ፉጨት ሆነ፤ የቱ ለሹፈት፣ የቱ ለእውነት እንደሆነ አልለየም። ኤልያቄም ጭንብሉን አውልቆ በደምሰው የወረቀት ፊት የራሱን ፊት ያራግባል። «ተበላ!» ይላል። ፅጌረዳ የእሷን ጭንብል ሳቁ እንዳይታጠፍ ተጠንቅቃ ጠቀለለችና ጃኬቷ ውስጥ ከተተችው። ከፋቀችው ፎቶ የቀራት ይኼው ነው።

«የት ነው? አብረን አይደል ታክሲ የምንይዘው?» አላት ኤልያቄም።

«ክራር የምይዘው አለኝ» አለችና ወደ ኋላው በር አመራች።

ደምሰው ክራሩን ይስጣት፣ ይከልክላት አታውቅም። ምን ብላ እንደምትጀምርም አታውቅም። ግን ከለቡ እስከ ቤታቸው መካኒሳ፣ በቅዳሜ መንገድ መዘጋጋት፣ ሩቅ ነው፤ ቃል ለመፈለግ ጊዜ አለ።