አስር ሰዓት ላይ የሚያፏጨው መኪና

ቢራቱ በተቀበረ በአስራ ሁለተኛው ቀን ሚስቱ ቀነኒ መርማሪዋ አይናዲስ ቢሮ ገብታ ቁጭ አለች።

«እህቴ፣ ባሌ በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ በደጄ ያልፋል።»

አይናዲስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቢራቱ የጫት መኪና ሹፌር ነበር። በሞተበት እሁድ ከጭሮ ወጥቶ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ደርቦ ሊያልፍ ሲል አውቶቡስ ከፊቱ መጣበት፤ ሸሸ፣ ገደል ገባ። መካኒኩ ኤልያቄም «መኪናውን አበላሽተሃል» ተብሎ ታስሯል።

«ምኑን አየሽው?»

«አላየሁም። የመኪናውን ፉጨት ነው የምሰማው። ያ ዋቅ፣ አምላኬ፣ እያበድኩ ይሆን እንዴ?»

የዛን ዕለት አስር ሰዓት አይናዲስ ቀነኒ ቤት ተቀምጣ ነበር። የቢራቱ ጃኬት አሁንም በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። መጣ። ቀጭን ፉጨት፣ ሰው በጥርሱ መሃል እንደሚያፏጨው፣ እየወጣ፣ እየወጣ። ጃኬቱ የተነቃነቀ መሰላት። መስኮቱ ጋ ስትደርስ የቀረው አቧራ ብቻ ነው።

በማግስቱ ኤልያቄምን እስር ቤት አገኘችው።

«የሚያፏጨው ምንድነው?»

«ተርቦው ነዋ፣ ለሞተሩ አየር የሚነፋለት። ሦስት ሞከርን። ትልቁ ጉልበት አለው፣ ግን ነዳጅ ረግጠሽ እስኪነሳ ጸሎት ታደርሻለሽ። ትንሹ ወዲያው ይነሳል፣ ዳገት መሃል ይደክማል። መካከለኛው ሁለቱንም ይዟል፤ የሚያፏጨውም እሱ ብቻ ነው። ቢራቱ ሚስት እንደሚመርጥ ሰው አስቦበት ነው የመረጠው።»

«ትልቁስ?»

«ኃይሉ ወሰደው። ድሮ ጋራዥ አብሮኝ ይሠራ ነበር፣ አሁን እንደ ቢራቱ የኢዘዲን ሹፌር ነው። የገጠምኩት ሁሉ ጭረት አለው፦ መካከለኛው ሁለት፣ ትልቁ ሦስት።»

«የዛን እሁድ መኪናው የት ነበር?»

«ጋራዥ። እኔና ቢራቱ ቸርች ነበርን፣ ከሦስት እስከ ሰባት። ቢራቱ ከዛ ወጥቶ በቀጥታ መሪ ያዘ።»

ቅዳሜ ሁሉንም ጋራዡ ሰበሰበቻቸው። ኤልያቄም በካቴና፣ ቀነኒ በጥቁር ነጠላ። የተጨፈለቀው የቢራቱ መኪና መሃል ላይ ነው፤ የኃይሉ መኪና በሩ ላይ ቆሟል።

«ቢራቱን ትልቁን አስገጥም ብዬዋለሁ፣ ወላሂ አልክድም» አለ ባለመኪናው ኢዘዲን። «እምቢ አለኝ። የመጀመሪያውን ጭነት ቀድሞ ለተመለሰ ነው የምሰጠው። ሁሌም ቢራቱ ነበር።»

«ሁለተኛው ኃይሉ» አለች አይናዲስ። ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለች። «እዚህ ያለው ባለ ሦስት ጭረት ነው። ቢራቱ እምቢ ያለው፤ ቸርች ሳለ ጋራዡን የሚያውቅ ሌላ ሰው ነው የቀየረበት። ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲነዳ አይታወቀውም። ዳገቱ ላይ ደረበ፣ ረገጠ፣ መኪናው ዝም አለው። ሁለት ሰከንድ። እግሩ የለመደው ወዲያው የሚነሳ ነው። ኤልያቄምን አራት ሰዓት ሙሉ ምዕመኑ አይቶታል። ኢዘዲን ደግሞ የገዛ መኪናውን ገደል አይሰድም። ሙት አያፏጭም፣ የሚያፏጨው ተርቦ ነው። ኃይሉ፣ የመኪናህን ኮፈን ክፈት።»

ኃይሉ አልተነሳም። ኢዘዲን ራሱ ከፈተው። ሁለት ጭረት።

«እንዲዘገይ ነበር» አለ ኃይሉ። «አንድ ቀን እንኳ እኔ ልቅደም ብዬ። ይሞታል አላልኩም።»

«ከሞተ በኋላስ ተርቦውን ለምን አልጣልከውም?»

ኃይሉ መሬት መሬቱን አየ። «ዳገቱን ስወጣ ሲያፏጭ... አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር።»

የኤልያቄም ካቴና ተፈታ። አስር ሰዓት ሲሆን አይናዲስ ቀነኒን ቤቷ አድርሳ አብራት በሩ ላይ ቆመች። ባጃጅ አለፈ። አህያ አለፈ። ሌላ ምንም።

«አላበድኩም ማለት ነው» አለች ቀነኒ።

«አላበድሽም።»

ቀነኒ ትንሽ ጠበቀች። ከዛ ገባችና ጃኬቱን ከበሩ ጀርባ አወረደችው። «እንግዲህ ሞተ» አለች፣ ያኔ ነው ያለቀሰችው።