አራት ሜትር መቀነት

ይህን የምጽፍላችሁ ልመሰገንበት አይደለም። ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል። ግን አንድ እንደኔ ያለ ፈሪ አንብቦት ልብ ቢገዛ ብዬ ነው... ደግሞም መጨረሻውን ስለምወደው።

ጉልላት እባላለሁ። ፍራንክፈርት ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነኝ። የምኖረው ሮደልሃይም፣ እትዬ አፀደ ከሚባሉ ሴትዮ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋት ሺሽት፣ ከፈረቃዬ፣ ስመለስ ሮደልሃይም ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው፣ ወረድኩ። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ኪሞኖ ለብሳለች፤ ያን የጃፓኖች ረጅም ልብስ። ሰማያዊ ነው፣ ነጫጭ ወፎች አሉበት። ወገቧ ላይ ያለው ሰፊ መቀነት ተፈቶ መሬት ሊነካባት ነው። ትይዘዋለች፣ ያመልጣታል፣ ትይዘዋለች...

ጃፓናዊት ናት ብዬ ላልፍ ስል፣ ዞር እንኳ ሳትል የመቀነቱን ጫፍ ወደ ኋላ ዘረጋችልኝ።

«እባክዎ፣ አጥብቀው ይያዙልኝ!» አለች በጀርመንኛ።

ያዝኩ። ምን ላድርግ? መቀነቱ አራት ሜትር ይሆናል። ሌላውን ጫፍ ወገቧ ላይ ይዛ ራቅ አለችና ወጠረችው። ከዚያ ቀስ ብላ በራሷ ላይ ትዞር ጀመር። በዞረች ቁጥር መቀነቱ ይጠቀለላል፣ እሷም ወደ እኔ ትቀርባለች። ፊቷን ያኔ አየሁት። የኛ ልጅ ናት! ጠይም፣ ዓይነ ትልቅ፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ያለባት።

የመጨረሻውን ዙር ስትጨርስ ደረቴ ስር ደርሳ ነበር። የሥራ ባጄ ላይ ስሜን አነበበች።

«ጉልላት?... ውይ በሞትኩት! ሀበሻ ነህ?»

«አንቺስ?»

«ወይ ጉዴ! ለማንም እንዳትናገር!»

«ምኑን?»

«ይሄን ነዋ!» አለች፣ እጅጌዎቿን ዘርግታ እያሳየችኝ።

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ራሕዋ ትባላለች። እኔም የዚያን ቀን ቤቴ የገባሁት እግሬ መሬት ሳይነካ ነው።

ራሕዋ ቬስትኤንድ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ኪሞኖዎቹን የምታገኘው ኦስትሃፈን፣ ወንዙ ዳር ካለው ፍሎማርክት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት። ቶሚ የሚባል ጀርመናዊ ሽማግሌ የጃፓን ልብስ በሳጥን እያመጣ ይሸጣል። መልበሱን ራሷን በራሷ ነው ያስተማረችው።

«ለምን ግን ኪሞኖ?» ብዬ ጠየቅኳት አንድ ቀን።

«ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስቆልፍ፣ የሰው ካልሲ ሳጠልቅ እውላለሁ» አለችኝ። «ራሴማ የማገኘውን ጣል አድርጌ ነው የምወጣው። ይሄን ለመልበስ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል። ያቺ አንድ ሰዓት የኔ ናት፣ ጉልላት።»

እጇን ያዝኩ።

ቅዳሜዎቹ ሁሉ የኛ ሆኑ። ኪሞኖ ጠባብ ስለሆነ መሮጥ አያስችልም። ነጭ ካልሲዋን በነጠላ ጫማ አድርጋ ድክ ድክ እያለች ነው የምትሄደው። ኤስባን፣ የከተማው ባቡር፣ ዓይናችን እያየ ሲያመልጠን «ይሂድ!» ብላ ትስቃለች። ስለ አለባበሱ ብዙ ነገር አስረድታኛለች፤ ይሄ ለበጋ ነው፣ ይሄ ለሰርግ ነው፣ ይሄ ነውር ነው... እኔ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ግማሹን አልሰማሁም።

አሁን ወደ ነውሬ ልምጣ። ሁለታችን ብቻ ስንሆን በሷ እኮራ ነበር። ሀበሻ የበዛበት ሰፈር ስንደርስ ግን «ይበርዳል፣ ጃኬት ደርቢ» እላታለሁ። በሰኔ! እሷም ዝም ብላ ትደርባለች። የገባት አልመሰለኝም ነበር። ገብቷት ኖሯል።

አንድ ቅዳሜ ኦስትሃፈን ፍሎማርክት ሄድን። ራሕዋ ቶሚ ጋ ቀረች፣ እኔ ውሃ ልገዛ ሄድኩ። ውሃውን ይዤ ስመለስ «ጉልላት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ አፀደ ናቸው! ያገለገለ ድስት ሊገዙ መጥተዋል፤ የእህታቸው ልጅ ካሌብ ዕቃ ተሸክሞላቸዋል። ካሌብን የማያውቅ የለም። ቅዳሜ ያየውን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሁሉም ይሰማዋል።

ሰላምታ ሳንጨርስ ራሕዋ ከሰው መሃል ብቅ አለች። ወፎች ያሉበትን ኪሞኖ ለብሳለች። እጇ ላይ ጠቆር ያለ ቀጭን መቀነት አለ። ወደ እኔ እያሳየች፣ እየሳቀች ትመጣለች።

«ኧረ እትዬ፣ ይቺን ይዩልኝ!» አለ ካሌብ። «የሀገሯ ቀሚስ አልቆባት ነው? የጭምብል በዓሉ፣ ፋሺንግ፣ አለፈ እኮ በሏት!» እየሳቀ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ። «ቆይ... አንተን ነው እንዴ የምታየው? ታውቃታለህ?»

«እኔ? አላውቃትም።»

«ወደ አንተ እኮ ነው የምትመጣው!»

«አላውቃትም አልኩህ እኮ!»

ሦስት እርምጃ ነበር የቀራት። ቆመች። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፣ ቀስ ብሎ ጠፋ። ተመልሳ መቀነቱን ቶሚ ጠረጴዛ ላይ አጥፋ አስቀመጠችና ሄደች።

ወዳጆቼ፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅባት አስቡት። መሮጥ አትችልም። ሰፋ አድርጋ መራመድ አትችልም። በነዚያ ትንንሽ እርምጃዎች፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ጀርባዋ እየታየኝ... አምስት ጊዜ ብራመድ እደርስባት ነበር። ሁለቱን የውሃ ጠርሙሶች እንደያዝኩ ድርቅ ብዬ ቆምኩ። ካሌብ አሁንም ይስቃል። እትዬ አፀደ አልሳቁም።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የኔ ግን አላመለጠኝም። አውቄ ነው ያልኩት፤ ሁለት ጊዜ!

ማታውን መልእክት ላከችልኝ።

«አልሰደብከኝም፣ አልመታኸኝም። እንደሌለሁ ነው ያደረግከኝ። ጃኬት ደርቢ ስትለኝ እንኳ እየገባኝ እታገስህ ነበር። አትደውልልኝ።»

ደወልኩ። ዘግታኛለች። ሥራ ቦታ ሻንጣ ስጭን ፊቷ ይመጣብኛል። መስታወት ማየት አስጠላኝ፤ ጢሜን ሳልላጭ ሁለት ሳምንት ሊሞላኝ ሆነ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ እመኛለሁ፣ መሬትም እቴ አትከፈትም።

አንድ አርብ እትዬ አፀደ ሳህኔን አዩ።

«ሹሮው ምን በደለህ?»

«ኧረ ምንም፣ እትዬ። አልራበኝም።»

«ያቺ ባለ ወፏ ልጅ ናት?»

«ያውቁ ነበር እንዴ?»

«ዓይን አለኝ እኮ ልጄ! እንዴት እያየችህ እንደመጣች አይቻለሁ። የማያውቁትን ሰው እንዲህ አያዩትም።»

«ካሌብ ያወራል ብዬ ነው... እርስዎም ያፍሩብኛል ብዬ...»

«እኔ? እኔማ ያን ጨርቅ የት እንዳገኘችው ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ነበር። እንዲህ ያለ ሐር ካየሁ ስንት ዘመኔ!» ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «አፍሬስ አፍሬያለሁ። በሷ ግን አይደለም።»

አንገቴን ደፋሁ። እንባዬ ሹሮው ላይ ጠብ አለ። እትዬ አፀደ እንዳላዩ ሆነው ውሃ ቀዱልኝ።

በነጋታው ኦስትሃፈን ሄድኩ። ቶሚ እንዳየኝ ፊቱን አጠቆረ።

«የወንድ ኪሞኖ እፈልጋለሁ» አልኩት።

ግራጫ አንድ አወጣልኝ። ከዚያ ከሳጥኑ ስር ጠቆር ያለውን ቀጭን መቀነት መዝዞ ላዩ ላይ አስቀመጠው።

«ይሄን ያቺ ልጅ ለጓደኛዬ ብላ ግማሽ ቀን ፈልጋ ነው ያገኘችው» አለኝ። «ከዚያ መልሳ አስቀምጣው ሄደች። አልሸጥኩትም።»

ለኔ ነበር ለካ! እዚያው ወንዙ ዳር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሳምንቱን ሙሉ በስልኬ ቪዲዮ እየከፈትኩ መልበስ ተለማመድኩ። ቅዳሜ ደረሰ። ራሕዋ በዚያ ሰሞን የቅዳሜ ጠዋት ሺሽት እንዳላት፣ ስምንት ሰዓት እንደምትወጣ አውቃለሁ። የሥራ ሱሪዬ ላይ ግራጫውን ኪሞኖ ለበስኩ፣ በመቀነቱ ሸብ አደረግኩ፣ ከቤት ወጣሁ። እትዬ አፀደ በር ላይ አዩኝና «እሰይ!» ብቻ አሉ።

ባንሆፍ ስደርስ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ካሌብ! ከሁለት ጓደኞቹ ጋር።

«ጉልላት?! ምን ነካህ? ጤነኛ ነህ?»

ፊቴ እሳት ሆነ። ለደቂቃ ያ የድሮ ፈሪ «ለቀልድ ነው በል» አለኝ። አልሰማሁትም።

«ያቺ ኦስትሃፈን ያየናት ልጅ፣ አላውቃትም ያልኩህ... አውቃታለሁ። ራሕዋ ትባላለች። እወዳታለሁ። ዋሽቼሃለሁ።»

ጓደኞቹ ስልካቸውን አወጡ። ፎቶ አንሱኝ አልኩና ባቡሬ ውስጥ ገባሁ።

መጦሪያው በር ላይ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። አዛውንቶቹ በረንዳቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። አንዲት አሮጊት እጇን አወዛወዘችልኝ። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ራሕዋ በሥራ ልብሷ ወጣች።

አየችኝ። መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ ደረቴን... ክው አለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማን ነው ያለበሰህ?»

«ራሴ። ከቪዲዮ።»

«ጉልላት... የሬሳ አለባበስ ነው የለበስከው!»

«ምን?»

«ግራው ነው ከላይ የሚሆነው! ቀኙን ከላይ የሚያደርጉት ለሞተ ሰው ብቻ ነው። ለቅሶ ላይ ነጠላ ጥለቱ ዞሮ ይለበስ የለ? እንደዚያ በለው። ነግሬህ ነበር እኮ!»

ልብ በሉ፤ ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴትዮ ፊት ለፊቴ ቆማ ነው የምታሳየው። እኔ እንደ መስታወት እያየሁ ቀዳኋት፤ የሷ ግራ የኔ ቀኝ ሆነ። ከሮደልሃይም እስከ ቬስትኤንድ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል፣ ተገንዤ ነው የመጣሁት!

ራሕዋ ሳቋ አመለጣት። ሳቀች፣ ሳቀች... መሃል ላይ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ። ልጠጋት ስል እጇን አነሳች።

«መሳቄ ይቅር ማለቴ እንዳይመስልህ!»

«አልመሰለኝም።»

«ያን ቀን እኔ መሮጥ አልችልም ነበር። አንተ ግን ትችል ነበር።»

«እችል ነበር» አልኩ። «ፈራሁ። ካሌብ እንዳይስቅብኝ ብዬ አንቺን ካድኩሽ። ሰበብ የለኝም፣ ራሕዋ። ዛሬ ለካሌብ ነግሬዋለሁ። ስምሽንም፣ እንደምወድሽም፣ እንደዋሸሁትም።»

«እንዲህ ለብሰህ?»

«እንዲህ ለብሼ።»

ዓይኗ ወገቤ ላይ ወረደ። መቀነቱን አወቀችው። በጣቷ ጫፍ ነካችው።

«ቶሚ አልሸጠውም?»

«አልሸጠውም። እኔም ስይዘው አፈርኩ። አሁንም አፍሬ ነው የቆምኩት። በልብሱ ግን አይደለም።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና መቀነቱን ፈታችው። ኪሞኖውን ከፈተች፣ ከሥሩ ባለ ብርቱካናማ መስመሩን የኤርፖርት ሱሪዬን አይታ ራሷን ነቀነቀች። ቀኙን ከስር አደረገች። ግራውን ከላይ ደረበች። እጆቿ ሥራቸውን ያውቃሉ። አንዱን ጫፍ ወገቤ ላይ አስያዘችኝና ሌላውን ይዛ አራት ሜትር ራቀች።

«በል ዙር» አለች። «ቀስ እያልክ።»

ዞርኩ። አንድ ጊዜ... ሁለት ጊዜ... ከላይ አዛውንቶቹ ያጨበጭባሉ። መጨረሻው ላይ ደረቷ ስር ደረስኩ። ዓይኗ አሁንም እርጥብ ነው።

«ሁለተኛ ጃኬት ደርቢ ብትለኝ...»

«ምላሴን ቁረጪው!»

ያን ጊዜ አቀፈችኝ።

ከዚያ ቀጥታ ሮደልሃይም ወሰድኳት። ድክ ድክ እያልኩ እሄዳለሁ፣ ኤስባኑም አመለጠን፤ ይሂድ አልኩ። እትዬ አፀደ በሩን ከፈቱ። የራሕዋን እጅ እንደያዝኩ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ራሕዋ ትባላለች» አልኩ።

እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ቀጥሎ እሷን አይተው ሁለት ጉንጮቿን ሳሙ።

«አሁን አወቅካት?» አሉኝ።

«አውቃታለሁ፣ እትዬ።»

«በሉ ግቡ። ምሳ ሳይበርድ።»